የማቀዝቀዣው ሰዓትና የዘለልኩት ፈተና

መጠበቅ የማልችል ሰው ነኝ። እናቴ «አንተ እኮ ሰባት ወር ሳይሞላህ ልትወጣ የታገልክ ነህ» እያለች ትቀልድብኛለች። ስብከት ሲረዝም እግሬን የምቀያይር፣ ሻይ እስኪበርድ ሳልታገሥ ምላሴን የማቃጥል ዓይነት ነኝ። ይህን ጠባዬን ለብዙ ዓመት እንደ ቅልጥፍና ስቆጥረው ኖሬያለሁ። ሰውም «ፈጣን ልጅ» ይለኝ ነበር፤ ላሊበላ ውስጥ ኮምፒውተር ሲበላሽ ከኔ ሌላ የሚጠራ ብዙ ሰው ስላልነበረ ይሆናል። ዛሬ ያንን ቃል ስሰማ ፊቴ በእፍረት ይግላል።

ሥራዬ የጤና ጽሕፈት ቤታችንን ኮምፒውተሮች መጠገን ነው። በዙሪያው ያሉ ጤና ጣቢያዎችም ማሽን ሲቆምባቸው ይጠሩኛል። ከነዚያ አንዷ ከሙጃ አልፎ ደጋው ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ጤና ጣቢያ ናት። መብራት እዚያ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይፈልግ ይቀራል። የሕፃናት ክትባት ደግሞ ማቀዝቀዣ ውስጥ ካልኖረ ይበላሻል፤ ተበላሽቶም መልኩ አይለወጥም። ስለዚህ ማቀዝቀዣው መሞቅ ሲጀምር የሚጮህ መሣሪያ ልሠራላቸው ቃል ገባሁ። ያስገደደኝ ሰው አልነበረም፣ ራሴው ነኝ ደረቴን ነፍቼ «በሁለት ሳምንት አደርስላችኋለሁ» ያልኩት።

የክትባቱን ክፍል የያዙት አንዲት አንጋፋ ነርስ ነበሩ። ሁሉም «ሲስተር» ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ጡረታቸው ቀርቧል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ መዝገባቸው ላይ ስርዝ ድልዝ አይገኝም። አንድ ነገር ብቻ ይፈልጉ ነበር፤ ወደ ገነተ ማርያም መዛወር። እናታቸው ዓይናቸው ጠፍቶ እዚያ ለብቻቸው ይኖራሉ፣ ውኃ የምታቀብላቸው ጎረቤት ናት። ሲስተር ለዓመታት ሲያመለክቱ ቆይተው በዚያ ዓመት «ክረምት ሳይገባ ትሄጃለሽ» ተብለው ነበር። እንደተዋወቅን መጀመሪያ ያወሩኝ ይህንኑ ነው።

መሣሪያው መዳፍ የምታክል አንዲት ቦርድ ናት። ቴርሞሜትር ያለው ሽቦ ማቀዝቀዣው ውስጥ ይገባል፤ ፕሮግራሙ በየአምስት ደቂቃው ነቅቶ ሙቀቱን ያያል፣ ደህና ከሆነ ተመልሶ ይተኛል፣ ካልሆነ ይጮሃል። ችግሩ ፕሮግራሙ የተጻፈበት ቋንቋ ነበር። የፕሮግራም ቋንቋ እንደ እህል ነው፤ በዱቄቱም ይመጣል፣ በጥሬውም ይመጣል። ለታወቀ ኮምፒውተር የተፈጨውን አውርዶ መጫን ነው። የኔዋ ቦርድ ግን ከአንድ የተዘጋ ፕሮጀክት ዕቃ ቤት የተገኘች አሮጌ ናት፤ ለእሷ ብሎ የሚፈጭ ሰው አልቀረም። ጥሬውን፣ ማለትም ሶርስ ኮዱን፣ ከአዲስ አበባ በፍላሽ አስመጣሁና እዚያው ቦርዷ ላይ ለመፍጨት ተቀመጥኩ።

ቋንቋው ተፈጭቶ ሲያልቅ ራሱን ይፈትሻል። ከሶርስ ኮዱ ጋር ከአራት መቶ በላይ ትናንሽ ፈተናዎች አብረው ይመጣሉ። አንዱ መደመር ይችል እንደሆነ ያያል፣ አንዱ ፋይል ከፍቶ ይዘጋል፣ አንዱ ፊደል ያነባል። ያለፈው «አለፈ»፣ የወደቀው «ወደቀ» ተብሎ ይጻፋል። ከመውደቅ የባሰም አለ፤ አያልፍም፣ አይወድቅም፣ ዝም ብሎ ይቆማል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንዷ ፈተና ቆመች። ሻይ ጠጥቼ መጣሁ፣ እንደቆመች ናት። ገበያውን አንድ ዙር ዞሬ መጣሁ፣ አሁንም ያው። አቋርጬ እንደገና አስጀመርኳት፤ እዚያው ቦታ ስትደርስ ቆመች። ሦስተኛ ጊዜ ስትቆም ተናደድኩና ምን እንደምታደርግ ከፍቼ አነበብኩ። ነገሩ ቀላል ነው። ፕሮግራሙን «ሦስት ሰከንድ ጠብቀህ ተነስ» ትለዋለች፤ እየጠበቀ ሳለ ሆን ብላ የቦርዷን ሰዓት ወደ ኋላ ትመልሳለች። ጤነኛ ቋንቋ ሰዓቱ ቢመለስም ባይመለስም ሦስት ሰከንዱን በልቡ ቆጥሮ ይነሳል። የኔው ግን የግድግዳ ሰዓት እያየ ነበር የሚጠብቀው፤ ሰዓቱ ወደ ኋላ ከሄደ፣ ያ ሰዓት ተመልሶ እስኪደርስ ቁጭ ነው።

«ደግሞ ማን ነው ሰዓት ወደ ኋላ የሚመልሰው?» አልኩ ባዶ ቢሮ ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ይህን ያልኩት ዓመቱን ከሌላው ዓለም ሰባት ስምንት ዓመት ዘግይቶ፣ ሰዓቱን ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ በሚቆጥር አገር ተቀምጬ ነው። ፊት ለፊቴ የተሰቀለው ካሌንደር እንኳ በሁለቱም አቆጣጠር የታተመ ነበር። ሰኞ ጠዋት ወደ ሙጃ የሚሄድ መኪና አለ፣ እኔም በሁለት ሳምንት ብዬ ፎክሬያለሁ። አንድ መስመር ጻፍኩ፤ ይህችን ፈተና ዝለል የምትል። ዘለላት። የቀሩት እየተከታተሉ አለፉ። የርክክብ ቅጹ ላይ «ሁሉም ፈተና ተደርጎ አልፏል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። «ከአንዷ በቀር» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃ ነበር።

ሰኞ መሣሪያውን ስተክል ሲስተር ከአጠገቤ አልተለዩም፤ የምላቸውን ሁሉ በደብተር ይጽፋሉ። መብራት ለረጅም ጊዜ ከጠፋ ባትሪው አልቆ ቦርዷ እንደምትጠፋ፣ ስትነሳም የመጨረሻ የምታስታውሰውን ቀን ይዛ እንደምትነሳ፣ ያኔ ቀኑንና ሰዓቱን እሳቸው እንደሚያስተካክሉ ነገርኳቸው። ሹፌሩ ውጭ ጡሩምባ መንፋት ጀምሯል።

«ቀኑን እንደ መዝገባችን ነው የምሞላው?» አሉኝ እስክሪብቷቸውን አንስተው።

«አዎ፣ አዎ፣ ትክክለኛውን ቀን» አልኩና ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። መዝገባቸው በየትኛው ቀን እንደሚጻፍ አላየሁም፤ ማየትም አያስፈልግም ነበር፣ የየትኛው ጤና ጣቢያ መዝገብ ነው በፈረንጅ ቀን የሚጻፈው?

ሁዳዴ ገብቶ ትንሽ እንደቆየ መብራት ለሦስት ቀን ጠፋ። ሲስተር እነዚያን ቀናት ክትባቱን በበረዶ ሣጥን አቆዩት። መብራት ሲመጣ ወደ ማቀዝቀዣው መለሱት፣ ቦርዷም ተነሳች። ቀኑን ቢያዩት ዓመቱን ስምንት ዓመት ቀድሞ አገኙት። አረሙት፤ ወሩንም፣ ሰዓቱንም እንደ መዝገባቸው አደረጉት። አምስት ደቂቃ ጠብቆ ሊነሳ የነበረው ፕሮግራም እዚያ ላይ ስምንት ዓመት ገደማ ሊጠብቅ ተቀመጠ። በማግሥቱ ሲስተር ለሁለት ቀን ወደ ገጠር ቀበሌ ለክትባት ሲወጡ ለጤና ጣቢያው ጥበቃ «ይኼ ከጮኸ ሮጠህ ጄኔሬተሩን አስነሳ፣ ካልጮኸ ግን ናፍጣ አትጨርስ» ብለውት ሄዱ። መብራት እኩለ ቀን ላይ እንደገና ጠፋ። መሣሪያው አልጮኸም።

ሲመለሱ ማቀዝቀዣው ሞቋል። ያለው ክትባት ሁሉ ተጣለ። ረቡዕ የክትባት ቀን ስለነበር እናቶች ሕፃን አዝለው፣ ሁለት ሰዓት ሦስት ሰዓት በእግር ተጉዘው መጡ፤ ሲስተር በር ላይ ቆመው አንድ በአንድ መለሷቸው። እኔ የደረስኩት በማግሥቱ ነው። ቦርዷን ከፍቼ ቀኑን እንዳየሁ ወዲያው ገባኝ። ያቺ ቅዳሜ የቆመችው ፈተና ፊቴ ላይ ድቅን አለች። በመልሱ ጉዞ ላሊበላ እስክንገባ «እናገራለሁ፣ እናገራለሁ» እያልኩ መጣሁ። መኪናው ሲቆም ግን «እስቲ መጀመሪያ ይጠይቁኝ» ወደሚል ወርጄ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ግምገማ ተጠራ። የመሥሪያ ቤት ግምገማ የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል፤ ባለ ጉዳዩ ተነስቶ ጥፋቱን በራሱ አንደበት ይናገራል፣ የረሳውን ካለ ሌላው ይጨምርለታል። ሲስተር ለዚያ ሲሉ ከደጋው ወርደው መጥተዋል፣ ንጹሕ ነጠላ ለብሰዋል። ሰብሳቢው መጀመሪያ ወደ እኔ ዞረ።

«ባለሙያው፣ መሣሪያው ችግር ነበረበት ወይ?»

«መሣሪያው ይሠራል» አልኩ። «ቀኑ በሐበሻ አቆጣጠር ስለተሞላ ነው የቆመው።»

ከዚህ ውስጥ ሐሰት የሆነ ቃል የለም። ሰው አንድም ሐሰት ሳይናገር መዋሸት እንደሚችል ያን ቀን ተማርኩ። ሲስተር አንገታቸውን ቀና አድርገው ረዘም ላለ ጊዜ አዩኝ። እኔ መልእክት የገባልኝ ይመስል ስልኬን ከፍቼ አጎነበስኩ። ምንም አልገባልኝም ነበር።

ከዚያ ሲስተር ተነሱ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ሳላጣራ ቀኑን ሞላሁ፣ ባላጣራሁት ነገር ላይ ተማምኜ ሥራ ወጣሁ። የሚተካኝ ሰው እንዳይደግመው ጽፌ ግድግዳው ላይ እለጥፋለሁ።» ሌላው ተሰብሳቢ የራሱን ጨመረበት፤ አንዱ ቸልተኝነት አለው፣ አንዱ የቴክኖሎጂ ግንዛቤ ማነስ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር፤ ላሟ የዋለችበትን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ አልተናገርኩም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ማስጠንቀቂያ ያለበት ሠራተኛ ደግሞ በዚያ ዓመት አይዛወርም። ከአዳራሽ ስንወጣ ሰብሳቢው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አንተ ባትኖር ምክንያቱን ማን ያገኘው ነበር፣ ፈጣን ልጅ!» አለኝ። ፈገግ አልኩ። ያንን ፈገግታ እስካሁን እጠላዋለሁ።

ሰውን እንዲህ ያለ ነገር ያሳምመዋል ይሉኝ ነበር፤ እኔን አላሳመመኝም። በላሁ፣ ተኛሁ፣ ሥራ ገባሁ። የማፍረው በዚህም ነው። አንዳንዴ ብቻ፣ የቢሮው ኮምፒውተር አንድ ነገር ከፍቶ ሲዘገይ፣ አንዲት ሴትዮ ነጠላቸውን አስተካክለው ሲነሱ ይታየኝና ማሽኑን አጥፍቼ እወጣ ነበር።

በፍልሰታ እናቴ የተሳለችውን ጧፍ ይዤ ወደ አሸተን ማርያም ወጣሁ። ሲዘንብ ያደረ ቀን ነው፣ መንገዱ ያዳልጣል፣ ጉም ከላይ ወርዶ ደረጃውን ሸፍኖታል። ከግማሹ በላይ እንደደረስኩ አንዲት ሴት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ሲስተር ነበሩ።

ለመሸሽ ቃጣኝ፤ መንገዱ አንድ ነው፣ የት እሸሻለሁ። «ሲስተር፣ እንደምን ከረሙ? በዚህ ጉልበት በቅሎ አይሻልዎትም ነበር?» አልኩ።

«በእግሬ ነው የተባልኩት፣ ወንድምዬ። ቀኖና ነው።»

የሰው ቀኖና አይጠየቅም። ይህን ሕፃን ያውቃል። እኔ ግን አፌ አላርፍ አለኝና «የምን ቀኖና?» አልኩ።

«የክትባቱ ነዋ» አሉ፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል በሚል አነጋገር። «ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው ባለማወቅ ነው፣ ኃጢአት አይሆንብሽም አሉኝ። እኔ ነኝ የለመንኳቸው። እነዚያን እናቶች በር ላይ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። አንዷ እኮ ከገደሉ ማዶ ነው የመጣችው፣ ‹ሌላ ቀን ልምጣ?› ስትለኝ የምቆርጥላት ቀን አልነበረኝም። በፍልሰታው ሰባት ቀን በእግሬ ወጥቼ እንድሰግድ ፈቀዱልኝ። ዛሬ አምስተኛዬ ነው።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ጃንጥላቸውን ያዝኩላቸውና ከኋላቸው ወጣሁ። ላይ ስንደርስ ጧፌን ሰጥቼ አንድ ጥግ ቆምኩ። ሲስተር እርጥቡ ድንጋይ ላይ መስገድ ጀመሩ። ወድቀው ሲነሱ አንደኛውን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተደግፈው፣ ትንሽ አርፈው፣ እንደገና ይወድቃሉ። ልሂድ ብዬ አስቤ ነበር፤ እግሬ እምቢ አለ። ዕድሜዬን ሙሉ መጠበቅ ያልቻልኩት እኔ፣ እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅኳቸው። የሚሰግዱት የኔን ስግደት ነበር፤ እያንዳንዷን።

ስንወርድ፣ ደረጃው የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነገርኳቸው። ቅዳሜ የቆመችውን ፈተና፣ የዘለልኩበትን መስመር፣ ቅጹ ላይ የፈረምኩትን፣ ግምገማው ላይ የደበቅኩትን። እሳቸው እየሄዱ ነበር የሚሰሙኝ፣ አልቆሙም።

«ስብሰባው ላይ ታውቅ ነበር?» አሉ መጨረሻ ላይ።

«አውቅ ነበር።»

«እኔም ጠይቄህ እንደነበር አውቅ ነበር» አሉ። «ቀኑን እንደ መዝገባችን ነው የምሞላው ስልህ፣ አዎ ብለኸኛል። ደብተሬ ላይ አለ።»

እግሬ ቆመ። «ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«በሰው ፊት ልጅ አላዋርድም ብዬ። ራሱ ይናገራል ብዬ ጠበቅኩህ።» ጃንጥላቸውን ከእጄ ተቀበሉኝ። «ግምገማው እስኪያልቅ ጠበቅኩህ። ከዚያ ሰኔ እስኪወጣ ጠበቅኩህ። ከዚያ ተውኩት።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። እኔም ለመጠየቅ ፊት አልነበረኝም። እናታቸው እንደሚጠብቋቸው ነገሩኝና በገነተ ማርያም በኩል ወዳለው መንገድ ታጠፉ፤ የቀረቻቸውን የዓመት ፈቃድ ነው ከእናታቸው ጋር የሚያሳልፉት።

በነጋታው ሰብሳቢው ቢሮ ገባሁ። ሰምቶኝ ሳቀ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ» አለ። «ፋይሉ ተዘግቷል። ሴትዮዋም አልከሰሱህ፣ እንለፈው።» እንለፈው የሚለውን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ እኔም ቅዳሜ ረፋድ ላይ በዚያው ድምፅ ነው የተናገርኩት። እምቢ አልኩ። ሁሉንም ጽፌ፣ የርክክብ ቅጹን ኮፒ አያይዤ አስገባሁ፤ ወር እስኪሞላ በየቀኑ እየሄድኩ በሩ ላይ ቆምኩ። የሲስተር ማስጠንቀቂያ ተነሳ፣ በምትኩ ለኔ ተጻፈልኝ። የገነተ ማርያሙ ቦታ ግን ሰኔ ላይ ለሌላ ነርስ ተሰጥቶ ነበር። እሱን የሚመልስ ደብዳቤ የለም። ሲስተር አሁንም ደጋው ላይ ናቸው፣ ለእናታቸው ውኃ የምታቀብለው አሁንም ጎረቤት ናት።

መስከረም ላይ ቦርዷን ይዤ ሄድኩ። ስፈጨው የሳትኩትን ነገር አግኝቼ ነበር፤ ቋንቋውን እንደገና ፈጭቼዋለሁ። ፈተናዎቹን ግን እዚያው፣ እሳቸው ባሉበት ልጀምር ብዬ ሳላስኬድ አመጣሁት። ጠዋት አስጀመርኩ። ከታካሚዎች ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፣ ለሻይም አልወጣሁ። ሲስተር ሥራቸውን እየሠሩ አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ። ከሰዓት በኋላ ያቺ ፈተና ደረሰችና ጠራኋቸው። መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ሰዓቱ ወደ ኋላ ተመለሰ። ሦስት ሰከንድ እንዲህ ይረዝማል ብዬ አስቤ አላውቅም። «አለፈ» ብሎ ጻፈ።

«በቃ?» አሉ።

«በቃ።»

ዕቃዬን ስሰበስብ ነው ወረቀቱን ያየሁት። ከማቀዝቀዣው በላይ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ተለጥፏል፣ በዚያ ስርዝ ድልዝ በሌለው ጽሕፈታቸው፦ «ይህን ማሽን በፈረንጅ ቀን ብቻ ሙሉ። በሐበሻ ቀን ተሞልቶ የሕፃናት ክትባት ተበላሽቷል። ጥፋቱ የኔ ነው።» ከሥሩ ሙሉ ስማቸውና ፊርማቸው አለ። ስንት ሰው አንብቦት ይሆን? ልቀደው እጄን ዘረጋሁ።

«ተወው» አሉ ሲስተር። «የሚመጣው ሰው ይወቀው። ስሙን ብቻ አስተካክለው።»

ከጋዋናቸው ኪስ እስክሪብቶ አውጥተው ሰጡኝ። የሳቸውን ስም ሰረዝኩ፣ ከጎኑ የኔን እስከ አያቴ ጻፍኩና ፈረምኩ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ሳይቸኩሉ፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡት።